ጋሽ ስንጥር ለመንገድ የመረጣቸው ሌንሶች

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ስንጥር ይለዋል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው፤ ማንም ምንም ቢነግረው «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» ሳይል አያልፍም። ፎቶ ሊነሳ የመጣ ደንበኛ «ለመታወቂያ ነው» ቢለው እንኳ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል። ግማሽ ዕድሜውን በካሜራ ቀዳዳ ሲያጮልቅ የኖረ ሰው በሁለት ዓይን ማየት ጠፍቶበታል ይላሉ፣ የሚያሽሟጥጡት። እሱ ደግሞ ሁለቱንም ከፍቶ ያየ ሰው ሁሉ ሲታለል እንጂ ሲጠቀም አላየሁም ባይ ነው።

ፎቶ ቤቱ ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር በአንድ በር ይገናኛል። ከፊት ደንበኛ የሚቀመጥባት ክብ በርጩማና ነጭ መጋረጃ አሉ፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ፣ በመስኮቱ ሥር፣ የሚስቱ ጠረጴዛ። ድሮ ከታተመው ፎቶ ላይ በቀጭን ብሩሽ ነጥቡንና ጭረቱን እያጠፋች፣ ኋላም በኮምፒውተር እያጠራች፣ የስንቱን ሙሽራ ፊት ያሳመረችው እሷ ነች። ደንበኛ የሚያመሰግነው ግን እሱን ነው። የማን እጅ እንደሆነ ጋሽ ስንጥር ልቡ ያውቀዋል፤ ሰው ፊት አይናገረውም እንጂ።

ልጅ የላቸውም። ያላቸው እርስ በርሳቸው ነው፤ እሱም ቢሆን ያለ ጥርጣሬ አልሆነላቸውም። የጥርሷን ጊዜ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። መንጋጋዋ አብጦ ሲወስዳት ሐኪሙ «ይነቀል» አለ። ጋሽ ስንጥር «መንቀል ይቀለዋላ» ብሎ ወደ ሌላ አዞራት። ሌላው «ይሞላ» ሲል፣ ከሁለቱ አንዱ ውሸታም ነው ብሎ ሦስተኛ ፈለገ። ሦስተኛው ከመጀመሪያው ጋር ሲስማማ ደግሞ «ተነጋግረዋል!» አለ። እንዲህ ሲያዞራት ሲያዞራት ጥርሱ ራሱ ተሰብሮ አረፈው፤ አጠገቡ ያለውንም ጥርስ ይዞት ሄደ። ሚስቱ ከዚያ ወዲህ በግራ በኩል አታኝክም። አላኮረፈችውም፣ አልወቀሰችውም፤ ዝም ነው ያለችው። እሱም ዝምታዋን እንደ ይቅርታ ቆጥሮት ተወው።

ዕድሜ ልኩን ግንባርና ጆሮ ሲያነሳ ለኖረው ለዚህ ሰው ታዲያ በስተእርጅና ሲሳይ ከደጁ ድረስ መጣለት። አንድ መንገደኛ መስኮቱ ላይ የተሰቀለች የአሮጌ ባቡር ጣቢያ ፎቶ አይቶ ገባ። ፎቶዋን ጋሽ ስንጥር በወጣትነቱ ማንም ሳያዘው፣ ለራሱ ደስ ብሎት ያነሳት ናት። ሰውየው አሳታሚ ነው። ውጭ አገር የሚገኙ አሮጌ የባቡር ጣቢያዎችን በመጽሐፍ ሊያሳትም ነው፤ አዳራሾቻቸውን፣ ባለ መስታወት ጣሪያቸውን፣ የትኬት መስኮታቸውን። የወራት ጉዞ ነው። «ይህችን ያነሳ እጅ ይሂድልኝ» አለ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀው፦ የመጀመሪያው ጣቢያ ፎቶ ካላማረ ጉዞው እዚያው ያበቃል፣ ሌላ ሰው ይተካል።

ጋሽ ስንጥር መጀመሪያ የጠየቀው «ለምን እኔን?» ብሎ ነው። ውሉን ለሁለት ጠበቃ አስነበበ፤ ጠበቆቹ ዘመዳሞች አለመሆናቸውንም አጣራ። ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ይበልጥ ጠረጠረ። ነገር ግን አይዋሽም፤ በሕይወቱ እንደዚህ ጉዞ የተመኘው ነገር የለም። የማንም ጆሮ የሌለበት ፎቶ፣ ያውም በመጽሐፍ፣ ያውም ስሙ ከሥሩ ተጽፎ! ብቻውን ሲሆን እንደ ልጅ ፈገግ ይላል፤ ሰው ሲመጣ ፊቱን ይሰበስባል።

ችግሩ ሌንስ ላይ መጣ። ያሉት ሌንሶች ሦስት ናቸው፤ ለሦስቱም ስም አውጥቶላቸዋል። «መድፉ» ረጅሙ ነው፤ ከሩቅ የሚያቀርብ፣ ከሁሉም ውድ። «ሰፊው» አጭሩ ነው፤ ግድግዳ ተደግፈህ አዳራሹን ከነጣሪያው የሚያስገባልህ። «ሽማግሌው» ደግሞ ፎቶ ቤቱን ሲከፍት የገዛው ሃምሳ ሚሊሜትር ነው፤ ሁሉ ነገሩ በእጅ የሚዞር፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ የሰው ፊት ሲያነሳ ግን አቻ የሌለው። አውሮፕላን ውስጥ በእጅ የሚያዘው ቦርሳ ክብደቱ የተወሰነ ስለሆነ ከካሜራው ጋር ሁለት ሌንስ ብቻ ይችላል። ሦስተኛው በሻንጣ ይግባ ያለው ሰው ቢኖር ጋሽ ስንጥር ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም አይለውም፤ የሻንጣ ጫኞችን ነገር አንድ ሰው በጀመረለት ቁጥር እስኪመሽ ያወራዋል።

መድፉ መሄዱ የታወቀ ነው። ለጣቢያ ብዙም አያስፈልግም፤ ግን ውድ ዕቃ ቤት ትቶ መሄድ ለሌባ ማደሪያ ማዘጋጀት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሰፊው ይሂድ ወይስ ሽማግሌው የሚል ሆነ። ለአዳራሽና ለጣሪያ መልሱን ማንም ጀማሪ ያውቀዋል። ጋሽ ስንጥርም ያውቀዋል፤ ሰፊውን ቦርሳ ውስጥ ካስገባውም ሰንብቷል። እንዲያው አንድ ነገር ባያይ ኖሮ ይዞት ይሄድ ነበር።

ነገሩ የጀመረው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ፎቶ ቤቱን ሲያዘወትር ነው። አማችየው ስልክ ሲሸጥ የኖረ፣ አፉ ቅቤ የሆነ፣ ሳቅ የማያልቅበት ሰው ነው። ሚስቱ ወገቧን እንዳመማት ተናግራ ኮምፒውተሩን ለእሱ ለቀቀችለት። ወገቧ እንዲህ ድንገት የታመመው ለምንድን ነው? ቀጥሎ ለቪዛ ያስገባው የገዛ ፎቶው ከኤምባሲው ተመለሰበት፤ ሲቆረጥ ግራ ጆሮው አብሮ ተቆርጧል። በዚያ ቤት የማንም ጆሮ ተቆርጦ አያውቅም። እሷ «እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ እጄ ስቶ ነው» አለች፤ እሱ ግን ለወንድሟ ስትደርብለት ነው ብሎ ደመደመ። ጉዞውን ሊያጓትት የፈለገ ሰው አለ ማለት ነው።

ጋሽ ስንጥር ማንም የማያውቀው አንድ ልማድ አለው። ሽማግሌውን ቁም ሳጥን ውስጥ ሲያስቀምጠው የብርሃን መግቢያውን ቀለበት እስከ መጨረሻው ዘግቶ ነው። ሌላ ሰው ከነካው ያውቃል። አንድ ቀን ቢያወጣው ቀለበቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ክዳኖቹን ቢያነሳ የኋላው መስታወት ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ። የፊቱ ቢሆን ሰው ነካክቶት ነው ይባላል፤ የኋላው ግን ሌንሱ ካልተገለበጠ አይነካም። ጠረጴዛው ሥር ደግሞ የትንሽ ጠርሙስ ነጭ ክዳን ወድቃ አገኘ፤ የመስታወት ማጽጃ ጠብታ መሆን አለበት። አጽድቶ፣ ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ገልብጦ የሚያይ ማነው? ገዢ ነው። ለገዢ ማን አሳየው? አፈ ቅቤው።

ሽማግሌውን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሌንስ ጠጋኙ ሄደ። ጠጋኙ የድሮ ወዳጁ ነው፤ ሱቁ የአንድ ሰው ትከሻ የሚያህል ጠባብ፣ ጠረጴዛው በጥቃቅን ብሎን የተሞላ። ይህን ሌንስ ለሽያጭ ያመጣብህ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀው። ጠጋኙ ማንም አለማምጣቱን ምሎ ነገረው፤ ከዚያ አሻራውን በመብራት እያየ ሳቀ።

«ይኼ የሻጭ እጅ አይደለም» አለው። «ሻጭ መስታወት አይነካም፣ ዋጋ ይቀንስበታላ። ይኼ ሰውዬ የፈለገው ሊሸጠው ሳይሆን ሊያይበት ነው።»

«ምን ሊያይበት?»

«እኔ ምን አውቄ። ቤትህ ገብተህ ጠይቃ።»

መጠየቅማ ለሚያምን ሰው ነው። የማያምን ሰው ቢጠይቅ መልሱን ምን ያደርገዋል? ጋሽ ስንጥር አሻራውን ራሱ አጸዳ፣ ቀለበቱን ዘጋ፣ ቁም ሳጥኑን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሌላው ቁልፍ ያለው ሚስቱ ዘንድ ብቻ ነው። በማግስቱ ገበያ ደርሶ ተመልሶ ሲያየው ቀለበቱ ተከፍቷል።

ያን ቀን ምሳ አልበላም። አማችየውን መጠርጠር ቀላል ነበር፤ ሰው አማቹን ቢጠረጥር ምን ይጎድለዋል? እሷን መጠርጠር ግን ሌላ ነው። መጋረጃውን በትንሹ ገልጦ ሲያያት በመስኮቱ ሥር ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ምንም ሳትሠራ ወደ ብርሃኑ ታያለች። ምን እያሰበች ነው? ዘወር ስል ቤቱን ከወንድሟ ጋር ሊያደርጉት ያሰቡት ነገር አለ፤ ሌንሱ ጅማሬው ነው። እንዲህ ብሎ አሰበ፤ ማሰቡም ራሱን አሳመመው፤ ግን አልተወውም።

ነገሩ ያለቀለት ደግሞ ሁለቱም ምክር ሲሰጡት ነው። አማችየው ኮምፒውተሩ ላይ እንደተደፋ፣ እንደ ዋዛ አድርጎ «ጋሼ፣ ሽማግሌውን ይዘህ እንዳትሄድ ብቻ፤ ጣሪያውን በምን ታስገባዋለህ?» አለው። እራት ላይ ደግሞ ሚስቱ ያንኑ ደገመችው። «ሽማግሌው ይቅር፤ ለአዳራሽ የሚሆንህ ሰፊው ነው» አለች።

ተነጋግረዋል! ምክሩ ትክክል መሆኑን ከማንም በላይ እሱ ያውቃል። ትክክል መሆኑ ነው ያስጠረጠረው። በሐሰት የሚያታልል ሰውማ ሰነፍ ነው፤ ብልጡ በእውነት ነው የሚያታልለው። እነሱ ሽማግሌው ቤት እንዲቀር ከፈለጉ፣ ሽማግሌው ይሄዳል። ሰፊውን ከቦርሳው አውጥቶ ቁም ሳጥን ውስጥ መለሰው፤ በቦታው ሽማግሌውን ሸጎጠ። ጣሪያ ሊያነሳ የሚሄድ ሰው የፊት ማንሻ ይዞ ሊሄድ ቆረጠ። ዕድሜ ልኩን የጠበቀውን ጉዞ በገዛ እጁ ሊያበላሸው እንደሆነ አላጣውም፤ ግን ከመታለል መክሰር ይሻላል ብሎ ራሱን አጽናና።

የመሄጃው ቀን ረፋድ ላይ አማችየው የጓደኛውን መኪና ተውሶ ደጅ አቆመ። ሚስቱ ቦርሳውን ስታቀብለው እጇ ላይ መዘን አደረገችው፤ ቦርሳ ሳይከፍቱ ማወቅ ከእሱ ነው የተማረችው።

«ሰፊውን ተውከው?» አለች።

«ተውኩት።»

«ጣሪያውስ?»

«ጣሪያው የትም አይሄድ» አላት።

ጉንጩን ስማ፣ ኮሌታውን አስተካክላ፣ በር ላይ ቆማ ሸኘችው። መኪናው የመንገዱን ጥግ ሳይታጠፍ ጋሽ ስንጥር «አቁም፣ ቀበቶዬን ረሳሁ» አለ። ቀበቶው ወገቡ ላይ ነው። አማችየው አየው፤ ቢሆንም አቆመ። ጋሽ ስንጥር በመኖሪያው በር ሳይሆን በፎቶ ቤቱ በኩል፣ ኮቴውን እያቀለለ ገባ። መጋረጃውን በአንድ ጣት ገለጠ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

ቁም ሳጥኑ ተከፍቷል። ሚስቱ በመስኮቱ ሥር ቆማለች፤ ሰፊው እጇ ላይ ነው። «ያዝኩሽ» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። የመጣው ግን እዚያው ቀረ፤ ምክንያቱም ሌላኛው እጇ ላይ ሁለት ትንንሽ የጠብታ ጠርሙሶች አየ። አንደኛዋን ወደ ብርሃን አነሳች። ሌንሱን ገልብጣ ከጠርሙሷ ጋር አገናኘችው፣ ዓይኗን ሌንሱ ላይ ደፋች። አልታያትም። አፍንጫዋ ጠርሙሱን እስኪነካ ቀረበች። እንደገና አራቀችው። ጠርሙሶቹን ለዋወጠች፣ ከዚያ የትኛው የትኛው እንደነበር ጠፋባትና ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ጋሽ ስንጥር የጨፈነውን ዓይን ከፈተው። «ምን እያደረግሽ ነው?» አለ፤ ድምፁን ራሱ አላወቀውም።

አልደነገጠችም። እሱ መሆኑን ለማወቅ መዞር አላስፈለጋትም።

«ይኼ ሰፊህ ምንም አያሳይም» አለች። «ሽማግሌው ይሻላል።»

በርጩማዋን ስቦ ተቀመጠ። እሷም ሊሸሸግ የማይችል ነገር ሆኖባት ነገረችው። በመጀመሪያ ቀኝ ዓይኗ ላይ ጉም የመሰለ ነገር ወረደ፤ ቀጥሎ ግራው። ፎቶ ማጥራት ያቃታት ያኔ ነው፤ ወገቧን ምንም አላመማትም። ወንድሟ የሚመጣው ሥራው እንዳይቆም፣ እሷንም ሐኪም ቤት ለማድረስ ነው። ጆሮውን የቆረጠችው እሷው ነች፤ መቁረጫው የት እንዳረፈ አልታያትም። ሁለቱ ጠብታዎች የጠዋትና የማታ ናቸው፤ ጠርሙሳቸው አንድ ዓይነት፣ ጽሑፋቸው የጉንዳን እግር ነው። ሽማግሌውን ገልብጣ፣ ቀለበቱን ወለል አድርጋ ስትከፍተው ፊደሉ ይጎላላታል። አጉሊ መነፅር አልገዛችም፤ አጉሊ መነፅር እዚህ ቤት ቢታይ ጥያቄው በዚያው ቀን እንደሚጀምር ታውቃለች። ሽማግሌው ይቅር ያለችው ግን ለራሷ ብላ አልነበረም፤ ለአዳራሽ የሚሆነው ሰፊው ስለሆነ ነው እንጂ። እሱ ሲሄድ መነፅሩን በግልጽ ትገዛ ነበር። የዓይኗ ቀዶ ሕክምና ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

«በሚቀጥለው ሳምንት?» አለ። «እኔ በሄድኩ በሳምንቱ?»

«በሄድክ በሳምንቱ።»

ሰው በዚህ ጊዜ መልካሙን ይገምታል፤ ጋሽ ስንጥር እንኳ ገመተ። «እንዳልቀር ብለሽ ነው የደበቅሽኝ» አላት። «ጉዞዬ እንዳይሰናከል።»

ወደ እሱ ዞረች። ፊቱን አጥርታ እንደማታየው አሁን ገባው፤ የምታየው ወደ ድምፁ ነው።

«እሱም አለበት» አለች። «ግን እውነቱን ልንገርህ፣ አንተ እውነት ትወዳለህ። ብትቀር ሐኪሙን ትጠረጥራለህ። ከአንዱ ወደ አንዱ ስታዞረኝ ዓይኔ እንደ ጥርሴ ይሄዳል። እስክትሄድልኝ ነው የጠበቅኩት።»

የተናገረችው ሳትቆጣ ነው። ብትቆጣ ይሻለው ነበር፤ ቁጣን ይከራከሩታል። ለካ ዝም ያለችው ይቅር ብላው አልነበረም፤ ትምህርት ወስዳ ነው። ስንቱን ሲጠብቅ፣ ስንቱን ሲቆልፍ በኖረ ሰው ቤት፣ ሚስቱ ዓይኗን ከእሱ ስትደብቅ ከርማለች። ከሌባ አይደለም። ከእሱ ነው። ጋሽ ስንጥር አፈረ። እንዲህ ሲያፍር የመጀመሪያው ነው፤ ምን እንደሚደረግም አያውቅበትም።

«ልቅር?» አለ በመጨረሻ። «አንድም ቃል ሳልናገር ብቀርስ?»

ሳቅ መጣባት። «አንተ? ሐኪሙ ገና ጓንቱን ሲያጠልቅ 'ለምን የግራውን አስቀደምክ' ትለዋለህ። ሂድልኝ። ቶሎ ሂድና ጣሪያህን አንሳ፤ ስትመለስ እኔው አጠራልሃለሁ።»

ተነሣ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አንስቶ አነበበ። የማታውን ለየና ከጠረጴዛው መሳቢያ ፎቶ የሚታሰርበትን ላስቲክ አውጥቶ በጠርሙሷ አንገት ላይ ደጋግሞ ጠመጠመ። እጇን ይዞ አስነካት፤ ላስቲክ ያላት የማታ፣ ባዶዋ የጠዋት። ምልክት ማድረግ ድሮም ሙያው ነው፤ እስከዛሬ ግን የሚያደርገው ሰው ለመያዝ ነበር። እሷም ጠርሙሶቹን በጣቷ እየዳሰሰች ለየቻቸው፤ አልሳተችም።

ከዚያ ቦርሳውን ከፍቶ ሽማግሌውን አወጣ። ክዳኖቹን አነሳ። ቀለበቱን በልማዱ ዘግቶት ነበርና፣ በራሱ ጣት ወለል እስኪል ከፍቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ሰፊውን ከእጇ ተቀብሎ በቦታው አስገባ። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በሩ ላይ ተወው።

አማችየው ሞተሩን አላጠፋም ነበር። «ቀበቶህን አገኘኸው፣ ጋሼ?» አለ፤ አልሳቀም፤ ሁሉን እንደሚያውቅ ፊቱ ያስታውቃል።

«አገኘሁት» አለ ጋሽ ስንጥር። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ አቀፈው።

ዋናው መንገድ ሲደርሱ ጋሽ ስንጥር አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ወደ አማችየው ዞረ፣ «ይኼ ሐኪም ግን…» ብሎ ጀመረ። አማችየው መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«ሐኪሙ ምን?» አለው።

ጋሽ ስንጥር ዓይኑን ከፈተ። ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ምንም» አለ። «ንዳ።»